የንጹሐን ግድግዳ

የባለቤቴ ሱቅ ሲገቡ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ላይ አሥራ ስድስት ሚስማሮች ለመኪና ዕቃ ተመትተዋል። በእያንዳንዱ ሚስማር ላይ አንድ ዕቃ ተንጠልጥሏል፤ የመኪና ቴፕ፣ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ የሽቦ ጥቅል፣ አንዱ ጋ ደግሞ በወፍራም ሽቦ የታሰረ ዲናሞ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የተበላሹ ይመስሉታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሽያጭ የቀረቡ መስለውት ዋጋ ይጠይቃል። ሁለቱም አይደሉም። ሁሉም ጤነኞች ናቸው፤ ባለቤቴ ያለ ጥፋታቸው ከመኪና የፈታቸው።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ከካርቶን የተቆረጠች ወረቀት አለች። «ይህ ቴፕ ጤነኛ ነው። ጥፋተኛው የላላ ብሎን ነበር» ትላለች አንዷ። «ይህ ስፒከር ምንም አላደረገም። ቸኩዬ ነው» ትላለች ሌላዋ። ዲናሞው ሥር ያለችው ከሁሉም ያረጀች ናት፤ «የመጀመሪያው። ይቅር በለኝ» ብሎ ጽፎባታል። ዲናሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አግብቼ እነሆ ሃያ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያውም የመኪና ወንበር ልብስ። ክፍሌ ከሱቁ የምትለየው በአንዲት ላሜራ ነው። በላሜራው መሀል በር ያልተገጠመለት መተላለፊያ ስላለ እሱ የሚናገረውን ሁሉ እሰማለሁ። እሱም ድሮ የኔን ይሰማ ነበር።

የዲናሞው ታሪክ እንዲህ ነው። ሱቁን በከፈተ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዳቦ አከፋፋይ መጣ። ቴፑን ሲከፍት ስፒከሩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት አለ፤ ነዳጅ ሲሰጥ ፉጨቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲለቅ ይወርዳል። ባለቤቴ ያኔ ወጣት ነበር፤ ወጣት ደግሞ እርግጠኛ ነው። «ዲናሞህ ነው» አለው። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሲደክም ድምፁ ወደ ቴፑ እየገባ እንደሚያፏጭ ተምሯል፣ አንብቧል። አዲስ ዲናሞ ገጠመለት። ፉጨቱ ከነግርማ ሞገሱ እዚያው አለ። በሦስተኛው ቀን ጥፋተኛውን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አገኘው። ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበት ሽቦ፣ እነሱ ግራውንድ የሚሉት፣ የታሰረው በቀለም ላይ ነበር። ኤሌክትሪክ ቀለም አያልፍም፤ ንጹሕ ብረት ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍገው ፉጨቱ ጠፋ። አዲሱን ዲናሞ ለሰውየው ተወለት፤ አሮጌውን ጤነኛ ወደ ሱቅ አምጥቶ ሰቀለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ የኛው ደግሞ አፍሶ ሰቀለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣ፤ «አንድ በአንድ። የነካኸውን ሳትመልስ ሌላ አትንካ።» ለዚህ ሕግ ደግሞ ፀጥታ ያስፈልገዋል። መኪና ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ፣ «እስቲ ፀጥ በሉ» ይላል። ያኔ ጎረቤታችን ጎሚስታው የአየር መጭመቂያውን ያጠፋል፤ ደንበኛው አፉን ይዘጋል፤ እኔ እግሬን ከማሽኔ መርገጫ ላይ አነሳለሁ። እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ሲጨርስ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ያሰናብተናል፤ መንደሩ ወደ ጩኸቱ ይመለሳል። ከዚህ የተነሳ የሠፈሩ ሰው «ጋሽ ፀጥበሉ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን።

ሥራውን በላሜራው በኩል እየሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ቴፑ ብቻ ይከፈታል። ፉጨት ከሌለ ሞተሩ ይነሳል። ያን ጊዜ ከመጣና ነዳጅ ሲሰጡት አብሮ ከወጣ፣ መነሻው ዲናሞው ነው። «መነሻው እሱ ነው ማለት ግን ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት አይደለም» ይላል ባለቤቴ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በዕድሜዬ ከጸሎት ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዲናሞ ሁሉ ትንሽ ያፏጫል፤ ጥያቄው ፉጨቱን በር ከፍቶ ያስገባው ማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ የቴፑ ድምፅ እስከ መጨረሻው ይቀነሳል። ፉጨቱ አብሮ ከቀነሰ የገባው በቴፑ በኩል ነው። ድምፁ ዜሮ ሆኖ ፉጨቱ ከቀጠለ ግን፣ የገባው ከቴፑ ወዲያ፣ ድምፅ ወደሚያጎላው አምፕሊፋየር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ይህን ግን አውቃለሁ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግድግዳው መሙላት ጀመረ። በሃያ አራት ዓመት አሥራ አንድ ዕቃ የሰቀለ ሰው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰቀለ። ደንበኛ ተመልሶ እየመጣ፣ «ጋሼ፣ አሁንም ያፏጫል» ይላል። እሱ፣ «እኔ ስሰማው የለም» ይላል። ደንበኛው ሲጸና አንገቱን ደፍቶ፣ ይሆናል ብሎ የጠረጠረውን ዕቃ ይቀይራል። ግምት ድሮ የሚጸየፈው ነገር ነበር። እኔም ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው አልኩና ወደ ስፌቴ ዞርኩ።

ቤት ውስጥ ያለው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ከማድ ቤት ስጠራው አይመልስም። የኛው መኪና ራሷ ማፏጨት ከጀመረች ዓመት አልፏት ነበር፤ አጠገቡ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ «ኧረ ይቺን ነገር ሥራት፣ ጆሮዬን በላችው» እለዋለሁ። «የለም እኮ» ይለኛል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብዬ እተርተዋለሁ፤ እሱ ፈገግ ብሎ መንገዱን ያያል። ልጃችን ከምትሠራበት ከተማ ስትደውል ደግሞ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ «በይ እናትሽን ላገናኝሽ» ብሎ ስልኩን ያቀብለኛል። አንድ ቀን ልጄ፣ «አባዬ ምን አድርጌው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላደረግሽውም አልኳት። በሆዴ ግን ፈርጄበት ነበር። ይህ ሰው ሰልችቶናል አልኩ። ከኔ ከሚስቱ አልፎ ልጁንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል አልኩ።

ማንቆርቆሪያዋ የተቃጠለችው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጃችን የላከችልን ናት፤ ውሃው ሲፈላ የምታፏጭ፣ የምታምር። ምድጃው ላይ ጥጄያት ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሱ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ ጫማውን ይወለውላል። ማፏጨት ስትጀምር እዚያው ጓሮ ሆኜ ሰማኋት፤ አለ አይደል፣ ያወርዳታል አልኩ። ትንሽ ቆይታ ዝም አለች። አወረዳት አልኩ። ስመለስ ውሃው አልቆ፣ ታችዋ ጠቁሮ፣ እጀታዋ ቀልጦ ወርዷል፤ እሱ ሁለተኛውን ጫማ ይዟል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ?» አልኩት።

«ምነው?» አለና ዞረ። ማንቆርቆሪያዋን ሲያይ ደነገጠ፤ በጨርቅ ይዞ አወረዳት። «አላየኋትም እኮ» አለኝ።

«ማየት ማን ጠየቀህ። የሰፈር ሰው ሰምቷታል።»

ጨርቁን አንስቶ ወደ ጫማው ተመለሰ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ለሱ ዓይነቱ ይሆናል፤ እኔ ግን ዝምታው አነቀዘኝ። ሱቅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

በዚያው ጠዋት ሲስተር መጡ። ሲስተር አዋላጅ ናቸው፤ ልጃችንን ያዋለዱልን እሳቸው ናቸው። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ሁሉም ሰው ደህና ነሽ ባለኝ ሰዓት፣ ያቺን ቀንድ የመሰለች መስሚያቸውን ሆዴ ላይ አድርገው ጆሯቸውን ተከሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «የሕፃኑ ልብ ደክሟል፤ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና» አሉ። አልጋውን ራሳቸው ናቸው እየገፉ የሮጡት። ያን ቀን የሳቸው ጆሮ ባይኖር ዛሬ ልጅ የለንም። ስለዚህ ሲስተር ወደ ሱቃችን ሲመጡ ወንበር እንጂ በርጩማ አናቀርብላቸውም።

አሮጌ ነጭ መኪና አላቸው። የእህታቸው ልጅ ከኋላው ወንበር ሥር አምፕሊፋየር፣ ከፊት ደግሞ አዲስ ቴፕ ገጥሞላቸዋል።

«ቀኑን ሙሉ ጩኸት ስሰማ እውላለሁ» አሉ ከመኪናው እየወረዱ። «ወደ ቤቴ ስመለስ ለስላሳ ዘፈን ልስማ ብዬ ስከፍተው መኪናዋም ታምጣለች። ነዳጅ ስሰጣት ይብስባታል፣ ስለቃት ይሻላታል።»

ባለቤቴ ሳቀ። «እስቲ እንያት» ብሎ ገባና መስኮቱን እንደተከፈተ ትቶ ሞተሩን አስነሳ። «እስቲ ፀጥ በሉ» አለ።

ጎሚስታው መጭመቂያውን አጠፋ። ሲስተር ዝም አሉ። እኔ እግሬን አላነሳሁም።

እልህ ይዞኝ ነበር፤ አልዋሽም። የማሽኔ ሞተር ድምፁ ቀጭን ነው፤ ዝም ባለ ቦታ ከወዲያኛው ሱቅ ይሰማል። ይስማ፣ ይቆጣ አልኩ። ቢያንስ እኔን መስማቱን ልወቅ አልኩ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቃል ላይ እግሬን ሳላነሳ የቀረሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ጠርዝ ሰፋሁ።

ባለቤቴ ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ወደኔ በኩል ከፍ አደረገና እንደ ሁልጊዜው፣ «እግዜር ይስጥልኝ!» አለ።

እግሬ ከመርገጫው ላይ በራሱ ወረደ። ላልሰጠሁት ፀጥታ አመሰገነኝ። ሹፈት እንዳይሆን ብዬ ፊቱን በመተላለፊያው አየሁት፤ ሹፈት አልነበረም፤ የምስጋና ፊት ነው።

«ምንም የለም ሲስተር» አላቸው። «ጸጥ ያለች ናት።»

ሲስተር በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «እስቲ ነዳጅ ስጣት» አሉት። ሰጣት። ፉጨቱ ከስፒከሮቹ ወጥቶ፣ ሱቁን አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። «አሁንስ?» አሉት።

«የለም» አለ ባለቤቴ። ቅን ፊት ነበረው።

ሲስተር ቀና ብለው በመተላለፊያው በኩል እኔን አዩኝ። ከዚያ ማሽኔን አዩ፤ ከመርፌው ሥር የወጣውን አዲስ ጠርዝ አዩ። እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም። ወደኔ ክፍል ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ ሲስተር?»

«ጆሮው።»

እጄ ላይ የነበረው መቀስ ከበደኝ። ጆሮው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ነገር አስቤለት ነበር፤ ስልቸታ፣ ኩራት፣ ግድ የለሽነት፣ ሌላም ለመናገር የማፍርበት። ይህች አንዲት ነገር ግን በአጠገቤ አላለፈችም። ማንቆርቆሪያዋ፣ ስልኩ፣ መኪናችን፣ ግድግዳው ላይ ያሉት አምስቱ ዕቃዎች አንድ በአንድ መጡብኝ። እዚያው ጨርቁ ላይ አለቀስኩ።

ሲስተር ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ወደሱ ተመለሱ። ማለባበስ አያውቁም። ከኋላው ቆመው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ከጆሮው አጠገብ እያሻሹ፣ «ይሰማሃል?» ብለው ጠየቁት። «ምኑ?» አለ። በሌላውም ጆሮ ሞከሩት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ፉጨቱ አለ ወንድሜ» አሉት። «እኔም እሰማዋለሁ፣ ባለቤትህም ትሰማዋለች። የማትሰማው አንተ ብቻ ነህ። ቀጫጭኑ ድምፅ ጥሎህ ሄዷል።»

ባለቤቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ። አምስቱን አዳዲስ ወረቀቶች ከዳር እስከ ዳር አያቸው።

«እነዚህን ሁሉ እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው» አለ።

«አንተ ማንንም አላጠፋህም» አልኩት ከወዲያ።

«ጆሮ የሌለው ቴፕ ሠሪ ምን ይሠራል? ሱቁን እዘጋለሁ።» ይህን ያለው በቁጣ አይደለም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሲስተር፣ እርስዎን አላታልልም። መኪናዎን ለሚሰማ ሰው ይውሰዱለት።»

ባለቤቴ የወሰነውን የሚቀይር ሰው አይደለም፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ካደረ የሱቁ ነገር እንዳበቃ ገባኝ። ሰውየው ያለዚያ ሱቅ ምን ሆኖ እንደሚውል ሳስበው ፈራሁ።

ሲስተር ግን ከወንበራቸው አልተነሱም። «የኔ ዓይን ከደከመ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው» አሉት። «መነጽር አደረግኩ። ሴቶቹ መውለድ አላቆሙም።» ከዚያ እግራቸውን አንፈራጥጠው ተደላደሉ። «እኔ መኪናዬን ይዤ የትም አልሄድም። ስታምጥ ያመጣኋትን እያማጠች አልወስዳትም።»

እኔ ጨርቄን ጣልኩና በመተላለፊያው ወጣሁ። አንድም ነገር ሳልጠይቅ የሲስተርን መኪና በር ከፍቼ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። በሃያ ስድስት ዓመት የስንቱን ወንበር አለበስኩ፤ በሥራ ሰዓት ተቀምጬበት ግን አላውቅም።

«እኔ እሰማለሁ» አልኩት። «አንተ የምታውቀውን አድርግ።»

«ጨዋታ አይደለም እኮ» አለኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት በላሜራ ስሰማህ የኖርኩት ለጨዋታ መስሎሃል? ሞተሩ ጠፍቶ ቴፑ ብቻ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ፤ ቀጥሎ ነዳጅ፤ ቀጥሎ ድምፁ ዜሮ። አንድ በአንድ። ተሳሳትኩ?»

ቆሞ አየኝ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴውን አነሳ። ቁልፉን ግን እዚያው ተወው።

«እስቲ ፀጥ በሉ» አለ።

ጎሚስታው መጭመቂያውን አጠፋ። የኔም ማሽን ዝም ብሏል። ቴፑን ብቻ ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ራሴን ነቀነቅኩለት። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ፉጨቱ መጣ፣ ከጆሮ አጠገብ እንዳለች ትንኝ። ጣቴን ቀሰርኩለት። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ወጣ፤ ጣቴን ሽቅብ አወጣሁት። ድምፁን እስከ ዜሮ ዝቅ አደረግኩ። ፉጨቱ ንቅንቅ አላለም።

«አለ» አልኩት። «ዜሮ ሆኖም አለ።»

«ከቴፑ ወዲያ ነው» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ያ የድሮው ነገር ሽው አለ፤ ልቤን ደስ አለው።

የኋላውን ወንበር አነሳ። አምፕሊፋየሩ እዚያ ሥር ተኝቷል። እጁ ወደሱ ሲሄድ አየሁ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ቢሆን ኖሮ ፈትቶ ያወጣውና በሌላ ይተካው ነበር። እጁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ አየና ተመለሰ። ከቴፑ የሚመጡትን የድምፅ ሽቦዎች ብቻ ከአምፕሊፋየሩ ነቀላቸው።

«አሁንስ?»

«ጠፋ።»

«ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ነው» አለ፤ ለሲስተር ነው የነገራቸው። ሽቦዎቹን በቦታቸው መለሰና የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አመጣ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን አምፕሊፋየሩ ከታሰረበት ብሎን ጋር አገናኘና ቁጥሩን አየ። ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት ቁጥር ዜሮ አልነበረም። ዓይኑ ደህና ነው ባለቤቴ፤ መነጽር እንኳ የለውም። ብሎኑን ፈታ፤ ከሥሩ የመኪናው ነጭ ቀለም እንዳለ ነው። የእህታቸው ልጅ ግራውንዱን በቀለም ላይ አስሮታል።

«ዳቦ አከፋፋዩ መጣ» አልኩት ከፊት ሆኜ። ቁልፉን ካስቀመጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ብረቱ ሲያበራ መልሶ አጥብቆ አሰረው። ሞተሩን አስነሳሁና ነዳጅ ሰጠሁ። ከልቤ ጠፋ ማለት ፈልጌ ነበር። ጠፋ ብለው ኖሮ ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ይከተው ነበር። ሲስተር በመስታወቱ በኩል እያዩኝ ነው። የጠየቀኝ ግን እውነቱን ነበር።

«ቀንሷል» አልኩት። «ግን አለ።»

ይከፋዋል ብዬ ነበር። ፊቱ በራ። «ቀንሷል ማለት ሌላም አለ ማለት ነው» አለ። «ግማሹን አግኝተነዋል።»

ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ገልጦ ሽቦዎቹን በእጁ እየዳሰሰ ተከተላቸው። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦና ከቴፑ የሚሄዱት ቀጫጭን የድምፅ ሽቦዎች በአንድ ወገን፣ በአንድ ማሰሪያ ተጠፍረው ነበር የሚሄዱት። ወፍራሙ ሲያጉረመርም ቀጫጭኖቹ ይሰሙታል። ማሰሪያውን ቆርጦ የድምፁን ሽቦዎች በሌላኛው በር ሥር አሳለፋቸው። ምንጣፉን ሳይመልስ እጁን አነሳ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ነዳጅ ሰጠሁ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሜ ሰጠሁ። ድምፁን ከዜሮ እስከ ግማሽ አወጣሁት። የሞተሩ ድምፅ አለ፤ ከስፒከሮቹ የሚወጣ ግን ምንም የለም።

«ጠፋ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተን ሳገባህ እንኳ እንደዚህ እርግጠኛ አልነበርኩም።»

ሲስተር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየኝና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። አልጮኸም፤ ለመንደሩ አይደለም የተናገረው። ጠዋት ያለ ዋጋዬ የወሰድኩትን ምስጋና አሁን ሠርቼ አገኘሁት። ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ኪሱ ሲመልስ ጎሚስታውም አየ፤ ዞር ብሎ መጭመቂያውን አስነሳ።

ሲስተር በዚያው ሳምንት ወደሚያውቁት ሐኪም ራሳቸው ወሰዱት። ዓመታት ሙሉ የመኪና ጥሩምባ በቅርብ ሲሞክር፣ ከመጭመቂያ አጠገብ ሲሠራ፣ ቀጫጭኖቹን ድምፆች አጥቷቸዋል። የጠፋው አይመለስም፤ ለቀሪው ጆሮ ውስጥ የሚገባ መስሚያ ታዘዘለት። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነበር የሚሻለው» አሉ ሲስተር እኔን እያዩ። ልክ ናቸው። የልጄን ልብ የሰሙ፣ የባሌንም ዝምታ የሰሙ ሴት ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ቤቴን አቁመውልኛል፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው እስካሁን አላውቅም። የመኪናቸውን ወንበር ግን ከፊት እስከ ኋላ አልብሼላቸዋለሁ።

ለአምስቱ ደንበኞች አንድ በአንድ ደወለላቸው። «አጥፍቻለሁ፣ መኪናህን አምጣ» ሲል አጠገቡ ነበርኩ። አራቱ መጡ፤ አንዱ መኪናውን ሸጧል። እኔ የሾፌሩ ቦታ ተቀምጬ፣ እሱ ቴስተሩን ይዞ አራቱንም ጨረስናቸው። አምስተኛዋ የኛው መኪና ናት። ሞተሩን ከመኪናው ብረት የሚያገናኘው ሽቦ ነትቦ ሊበጠስ አንድ ፀጉር ቀርቶታል። ሲያሳየኝ አፈረ። እኔም አፍሬ ስለነበር ተቻቻልን።

ለልጃችን የነገረቻት የኔ ምላስ ናት። ዘግየት ብለሽ፣ ወፈር አድርገሽ አውሪው አልኳት። በዚያ ሳምንት ስትደውል ስልኩን ለሱ ሰጥቼ ሻዬን ልጠጣ ተቀመጥኩ። «በይ እናትሽን ላገናኝሽ» የሚለውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ሻዬም በረደ፤ እሷ አልቅሳ፣ እሱም አልቅሶ፣ ስለ መሥሪያ ቤቷ አሳንሰር ብልሽት ያወራሉ። ተራዬ ሳይደርሰኝ ዘጉት። እንዲህ ያለ ደስ የሚል መዘለል ደርሶብኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ያቺን የተቃጠለች ማንቆርቆሪያ በከረጢት ይዤ ሱቅ ገባሁ። ከሳጥኑ ካርቶን ቆርጬ ጻፍኩና ግድግዳው ፊት ቆምኩ። እሱ ከኋላዬ መጣ።

«ይቺማ ተበላሽታለች» አለኝ። «እዚህ የሚሰቀለው ጤነኛ ዕቃ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ጤነኛው አንተ ነህ። አንተን መስቀል ከብዶኝ ነው።»

ወረቀቷን ተቀብሎ አነበባት። «ይህ ሰው ምንም አላደረገም። የፈረድኩበት እኔ ነኝ» ትላለች። ቀስ ብሎ ሁለቴ አነበባት። ከዚያ መዶሻውንና አንድ ሚስማር አመጣና ከዲናሞው አጠገብ ራሱ መታልኝ።